ስድስት ቀን በወሎ፦ እንቁላሉ የት ገባ?

ይህን የጻፍኩት በ2013፣ ከወሎ በተመለስኩ በሁለት ሳምንቴ ነው። መንገድ ላይ ስልኬ ውስጥ የጫጫርኩትን ማስታወሻ ያን ቀን ነው ቁጭ ብዬ ያስተካከልኩት። የሄድኩት አክስቴን ልጠይቅ ነው። በ2012 ለፋሲካ ልሄድ አስቤ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እኔም ቀረሁ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ጥር 2013 ገባ።

አክስቴን እታለም ነው የምላት። እናቴ እንደዚያ ስትጠራት እየሰማሁ አድጌ በዚያው ቀረሁ። እታለም ሙስሊም ናት፤ እናቴ ደግሞ ክርስቲያን አግብታ ነው ከቤት የወጣችው። ወሎ ነው፣ ማንም አይገረምም።

ዓርብ፣ ጥር 14፦ ከአዲስ አበባ ሐረጎ

አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል ተባለ፤ የተነሳው 12 ከሩብ ላይ ነው። ትኬት 340 ብር። ግማሽ ወንበር ተጭኖ እጥፍ የሚከፈልበት ጊዜ አልፎ ሁሉም ወንበር ሙሉ ነበር። ማስክ ያኔ ግዴታ ነበር። ግዴታ የሚሆነው ግን ኬላ ላይ ነበር። ረዳቱ «ማስክ!» ሲል ሁሉም ከአገጩ ወደ አፍንጫው ይስባል፤ ፖሊሱን ስናልፍ ተመልሶ ይወርዳል። ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት የያዙት አንድ ማስክ ነው። ኬላ ሲመጣ እሷ ታደርጋለች፣ እሱ በጋቢው ይሸፈናል።

እስከ ጣርማ በር ተኝቻለሁ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማው ቀሰቀሰኝ። ከዋሻው ወዲያ ሌላ አገር ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ምሳ ሸዋ ሮቢት፣ በያይነቱ 55 ብር። አዲስ አበባ ሰፈሬ አጠገብ በ80 ይሸጡልኝ ከነበረው ይሻል ነበር።

ኮምቦልቻን 9 ሰዓት ላይ አለፍን። ደሴ ለመግባት የቀረን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ግን ሐረጎ አለ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አውቶቡሱ ፈላ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎቱን ሸሽቶ ቆመ፤ እኛም ወርደን ጠርዝ ጠርዙን ያዝን። ኮምቦልቻ ከታች ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል።

አውቶቡስ በቆመበት ልጅ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዞ መጣ። አንዱ 8 ብር፤ ሚጥሚጣ በላስቲክ ጠቅልሎ ይመርቃል።

«ዓርብ ነው የኔ ጌታ» አልኩት።

«ለነገ ያዢው» አለኝ። ነጋዴ ነው።

«አንተስ ዛሬ እንቁላል በልተሃል?» ስለው ሳቀብኝ። «ይኸ እኮ የሽያጭ ነው!»

ሁለት ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደሴ ስንገባ ማታ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 15፦ ደሴና ሐይቅ

የጥር ጠዋት ደሴ ላይ ያንቀጠቅጣል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጦሳ ተራራ ደግሞ ከላይ ተጭኗታል። ሆጤ ሰፈር ወንድሜ ቤት ቁርስ ቂንጬ በቅቤ ቀረበልን። የሐረጎ እንቁላሎቼን ላወጣ ስል አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ተጨፍልቆ መታወቂያዬን ሚጥሚጣ አልብሶታል።

ወንድሜ መምህር ነው። የሚያስተምረው ከከተማው ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ምገባ ነበረው። አንድ ድስት ንፍሮ ወይም ፋፋ፣ ሌላ ነገር አይደለም።

«መጋቢት 7 በሩን ስንዘጋ የቆለፍነው ክፍሉን መስሎን ነበር» አለኝ። «ለካ ድስቱንም ነው።»

ትምህርት በጥቅምት ሲከፈት በፈረቃ ሆነ። ከሱ ክፍል ስድስት ልጆች አልተመለሱም። ሁለቱ ሴቶች ተድረዋል። ወንዶቹ ከብት ላይ ናቸው፣ አንዱ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። የተመለሱትም እረፍት ሲደወል ከልማድ ወደ ማብሰያው ጓዳ ይሮጣሉ አለኝ። ይቺን ሲነግረኝ ሌላ ቦታ እያየ ነው።

እኔ ቤት ኮሮና ማለት ኢንዶሚና ቺፕስ ነበር። የአምስት ዓመት ልጄ ቤት በዋለችባቸው ወራት ሱሪዎቿ ሁሉ ጠበቧት። የወንድሜም ልጆች እንደዚያው። ገጠር ያለው ልጅ ሲቀጥን ከተማ ያለው ይወፍር ነበር ማለት ነው፣ በአንድ በሽታ።

ለእታለም የሚወሰድ ለመግዛት ገበያ ወረድን። ዘይት አምስት ሊትር 430 ብር፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሁለት ኪሎ ሙዝ። እንቁላል 6 ብር። ወንድሜ ስለ ዘይቱ ዋጋ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ከሰዓት «ዓሣ ሳትበዪ አትሄጂም» ብሎ ሐይቅ ከተማ ወሰደኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ 90 ብር። ያቀረበልንን ልጅ እግረ መንገዴን፣ ሐይቁ ዳር የሚያድጉ ልጆች ዓሣ ይበሉ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጭንቅላቱን» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እሁድ፣ ጥር 16፦ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በእግር

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ 20 ብር። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ቀይሬ የባቲን መንገድ ያዝኩ። ከአስፋልቱ እታለም ቤት አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ ትልቁን ልጁን ከአህያ ጋር ልኮልኛል።

አህያዋ ላይ ዘይቱን በአንድ በኩል፣ ሙዝና ስኳሩን በሌላ በኩል ጫንን። ወንዙ ጋ ስትደርስ ተደናቀፈችና በጎኗ ተኛች። በየትኛው ጎኗ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስኳሩ በላስቲክ ስለነበር ተረፈ፤ ሙዙ ገንፎ ሆነ። ልጁ ከኔ በላይ አዘነ። እስክንደርስ ድረስ የአህያዋን እናት እየሰደበ ነው የሄደው።

ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው። እህሉ ተነስቷል፣ አገዳው ግን እንደማውቀው አይደለም። ቅጠሉ የለም፤ ሽቦ የተተከለ ይመስላል። «አንበጣ ነው» አለኝ ልጁ። ጥቅምት ላይ መጥቶ ሁለት ቀን አድሮባቸዋል። ሰው ጣሳና ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ውሎ አመሸ። ልጁ ይሄን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል፤ ለሱ ድግስ ነበር።

እታለም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ኮሮና ነው ብዬ ክርኔን ብዘረጋላት፣ በክርኔ ስባ አቀፈችኝ። «አብሽሪ፣ ኮሮና ይችን ዳገት አይወጣትም» አለች።

የእጅ ውሃ መጣ፣ ቡና ተቆላ። ቀጥሎ የማሽላ እንጀራ ቀረበ፤ መሃሉ ላይ በቅቤና በቃሪያ የተጠበሰ እንቁላል። እንቁላል መቁጠር ነውር ነው፣ ግን ከአምስት አያንስም። ሦስቱ ልጆች ምድጃው አጠገብ ናቸው። አህያዋን ይዞ የመጣው የ9 ዓመቱ ልጅ፣ የ6 ዓመቷ እህቱ፣ እናቱ ጀርባ ላይ ያለው የ14 ወር ሕፃን። ማንም ምንም አልጠየቀም። ሴቷ ልጅ የምታየው እንቁላሉን አይደለም፣ እጄን ነው። እጄ ወደ አፌ ሲነሳ ዓይኗ አብሮ ይነሳል፣ ወደ ትሪው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

«ኑ አብረን እንብላ» አልኩ።

«እነሱ በልተዋል» አለች እታለም። «ያንቺ ነው።»

ጠቅልዬ ልጅቷን አጎረስኳት። ሳታኝክ ዋጠችው። እታለም ዝም አለች፤ ፊቷ ግን ደስ አላለውም። እንግዳ የቀረበለትን ማካፈል ሲጀምር ለባለቤቱ ስድብ ይሆንበታል። ግራ ገብቶኝ ቀሪውን እኔው በላሁት። ልናገር እንጂ፣ ጣፋጭ ነበር።

ማታ ልጆቹ የበሉት የማሽላ እንጀራ በሻይ ነው። እንጀራውን እየቆራረሱ ሻዩ ውስጥ ይነክራሉ፤ ሻዩ በኔ ስኳር በጣም ጣፍጧል። ለሕፃኑ የተጨፈለቀውን ሙዝ ሰጠነው። አህያዋ ሥራውን ስለጨረሰች ማንም ማድቀቅ አላስፈለገውም። ሁለት እጁን ነክሮ ጠረገው።

ቡና ላይ አንድ የጎረቤት አዛውንት ስለ ኅዳር በሽታ አነሱ። በ1911 ኅዳር የመጣው ያ የዓለም ጉንፋን ነው፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ አውጥተን የምናጥነው እሱን እያስታወስን ነው ይባላል። አባታቸው ልጅ ሆነው አይተውታል። «አባቴ ስለ ሞተው ሰው ብዙ አያወሩም ነበር» አሉኝ። «የሚያወሩት ማሳ ላይ ስለቀረው እህል ነው። ደርሶ፣ አጫጅ አጥቶ።» እታለም ቶናውን ቀዳችላቸውና ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ዞረ።

ሰኞ፣ ጥር 17፦ ባቲ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። እታለም ሌሊት ተነስታ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ጭድ አነጠፈች፤ ከጭዱ መሃል እንቁላል እያንዳንዱን በጣቷ ጉድጓድ እየሠራች አስቀመጠች። ሰባት ነው። ቅርጫቱ ግን ለ12 የሚበቃ ነው። አምስቱ ባዶ ጉድጓድ ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ትናንት የበላሁት የዛሬ ገበያዋን ነበር።

ባቲን ላላየ መንገር ይከብዳል። ከቆላው ግመል፣ ከደጋው ፍየል ነጂ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ። ማስክ ያደረገ አሥር ሰው አላየሁም። እታለም ወደ እንቁላል ሰብሳቢው ቀጥ ብላ ሄደች። ሰብሳቢው አንድ አንዱን ፀሐይ ላይ አንስቶ ያያል፣ ጆሮው ላይ ያንቀጫቅጨዋል፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል። 4 ብር ከ50 ሂሳብ፣ 31 ብር ከ50 ቆጠረላት። ይኸው እንቁላል ቅዳሜ ደሴ 6 ብር፣ ከነገ ወዲያ ሐረጎ ላይ ተቀቅሎ 8 ብር ነው።

ጨው በ12 ብር፣ የልብስ ሳሙና በ15 ብር ገዛች። የተረፋት 4 ብር ከ50፣ የአንድ እንቁላል ዋጋ። ለልጆቹ አንድ ብስኩት አነሳች። 5 ብር ነው። ሃምሳ ሳንቲሙን እኔ ሞላሁ።

ነገሩ እዚያ ላይ ወጋኝ። ዞር ብዬ ዶሮ ተራ ገባሁና ሁለት ቄብ ገዛሁ፣ አንዷ 230 ብር። «እነዚህ የሕፃኑ ናቸው፣ የሚጥሉት አይሸጥም» አልኳት። እታለም ሳቀች፣ «ኢንሻአላህ» አለች። ይህን ቃል በየትኛው ትርጉሙ እንዳለችው አውቃለሁ።

ስንመለስ አንዷ ቄብ እግሯን ፈትታ ሚኒባሱ ውስጥ ተነሳች። ከኋላ ወንበር ሾፌሩ ትከሻ ላይ እስክትደርስ ማንም አልያዛትም። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ የአንዲት ሴት በርበሬ ተደፋ፣ መኪናው ሙሉ ሰው ያስነጥስ ጀመር። «ኮሮና! ኮሮና!» ብሎ አንዱ ጮኸ። እስከ አስፋልቱ መገንጠያ ድረስ ተሳቀ።

ማታ የእታለም ምራት፣ የልጆቹ እናት፣ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምጣዱን እያሰሰች፣ አንድ እንጀራ አንድ ወር እያደረገች ነገረችኝ ማለት ይቻላል።

መጋቢት ላይ መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። ጡት ማጥባት በሽታውን ያስተላልፍ ይሆን ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጨነቅ ነበር፤ አጥቢ፣ አፍሽን ሸፍነሽ አጥቢ ያለቻት የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ሚያዝያ ገበያ ይዘጋ ተባለ። ሰብሳቢውም ከኮምቦልቻ መምጣት ተወ። የዚያን ጊዜ ዶሮዎቹ 11 ነበሩ፤ ላሚቱም አለች። እንቁላል ገዢ አጣ፣ ወተትና ቅቤም አጣ።

«ተዚያማ ምን እናድርገው፣ በላነው» አለችኝ። «ሕፃኑ ስድስት ወር ሊሞላው ነበር። ገንፎው ላይ አስኳል አደርግለት ነበር፣ በቅቤ። ወላሂ እንዴት ያለ ልጅ ነበር መሰለሽ! ትልልቆቹም ለረመዳን ማፍጠሪያ እንቁላል እንቁላል እስኪሉ ጠገቡ።»

እኔ ይህን አልጠበቅኩም። ወረርሽኙ ምግብ ሲቀማቸው ነበር የታየኝ። ለካ ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የበሉትን ያህል ከተወለዱ ጀምሮ በልተው አያውቁም። የበሉትም ገበያ ስለተዘጋ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ያው ነበር፤ ገንዘብ መሆን ሲያቅተው ምግብ ሆነ።

ሰኔ ላይ ገበያው ተከፈተ፤ እንቁላሉም ተመልሶ ወደ ቅርጫቱ ገባ። ያውም ከበፊቱ በላይ፣ ምክንያቱም ሌላው ገንዘብ ቆሟል። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ግንባታ ላይ የሚሠራው የቀን ሥራ ተቋርጧል። ጅዳ ያለችው እህቱ አሠሪዎቿ ደመወዝ ይዘውባት መላክ ካቆመች ቆይታለች። ከዚያ የማዳበሪያ ዕዳ መጣ፣ ነሐሴ ላይ ላሚቱ ተሸጠች። በዚያው ክረምት ፈንግል ገባና ከ11ዱ ዶሮ ሦስት ቀሩ። እታለም «የዶሮ ኮሮና» ነው የምትለው። የሰዉ ኮሮና ከቤታቸው ማንንም አልያዘም፤ የዶሮው ስምንት ገደለ። መስከረም ላይ እህትየው ከጅዳ በባዶ እጇ ተመለሰች፤ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከርማ። ጥቅምት አንበጣ።

«አሁንስ ለሕፃኑ ምን ትሰጪዋለሽ?» አልኳት።

እንጀራውን ከምጣዱ አወጣች። «ይኸው» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 18፦ ጤና ኬላው

ሕፃኑን አዝለን ጤና ኬላ ሄድን፣ 40 ደቂቃ በእግር። ሐሳቡ የኔ ነው። ምራቷ ደስ ያላት አትመስልም ነበር፤ እንደሚወቅሷት ነው የታያት።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ወጣት ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። በር ላይ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ አንድ ሰው አንድ ሰው። ወረርሽኙ ሲጀመር ለተወሰኑ ወራት ልጆችን እየነካች መለካት ትታ ነበር። እናቶችን ሰብስቦ ገንፎ አሠራር ማሳየትም ቀርቷል፣ ስብሰባ ነዋ። በኋላ የክንድ መለኪያውን ቴፕ ለእናቶች እየሰጠች ራሳቸው እንዲለኩ ማሳየት ጀመረች። «አንዳንዶቹ ከኔ በላይ ቻሉበት» አለች።

ቴፑን ላላየው፦ ቀጭን ላስቲክ ነው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አረንጓዴ። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት። የሕፃኑን ግራ ክንድ አጠፈች፣ ከትከሻው እስከ ክርኑ መሃሉን ፈልጋ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገች፣ እጁን ዘርግታ ቴፑን ጠመጠመች። ሕፃኑ እስክሪብቶውን ሊበላ ይታገላታል። 12.1። ቢጫ።

«ቀይ ቢሆን ፕላምፒ ነት አለኝ» አለች፤ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የለውዝ ምግብ ነው። «ለቢጫ አሁን እጄ ላይ ያለው ምክር ነው።»

ምክሯ ጥሩ ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከስምንት የምግብ ምድብ አምስቱን ቢያገኝ ትላለች። በጣቷ ቆጠረች፦ የእናት ጡት፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ እንደ ካሮትና ጎመን ያሉት ቫይታሚን ኤ ያላቸው፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ከዚያ ትናንት የበላውን ጠየቀች። ጡት፣ እንጀራ፣ ትንሽ ሽሮ። ሦስት። «ሙዝ!» አልኩ እኔ። «ሙዝ ትናንትም በልቷል።» አራት አደረገችው፣ ግን ፈገግ አለች። ሙዙ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ስኳር ምድብ የለውም፣ ብስኩቱም አልተቆጠረም።

ሁሉንም በኮሮና ላሳብብ ስል ግን እሷ አልፈቀደችልኝም። «እሱ ሳይመጣም እኮ ነበርን» አለች። እውነቷን ነው። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፣ አማራ ክልል ላይ ደግሞ 41 በመቶ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ያን አምስት ምድብ ያገኙ የነበሩት 14 በመቶ ብቻ። ወረርሽኝ የሚባል ነገር ገና ባልታሰበበት ጊዜ ነው ይሄ።

ከተመለስኩ በኋላ ስለ እንቁላል ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ኢኳዶር ውስጥ ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲሰጣቸው መቀንጨር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ማላዊ ላይ ሲሞከር ግን ያ አልተደገመም፤ እዚያ ልጆቹ ቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበር። የሐይቁን ልጅ አስታወስኩ።

ከጤና ኬላው ስንመለስ ምራቷ ዝም ብላ ብዙ ሄደች። ከዚያ «አስኳሉን እየሰጠሁት ቢሆን አረንጓዴ ነበር አይደል?» አለችኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። አንድ አምስት መቶ ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠርኩላት። ማዳበሪያ ዕዳው እንደሚበላው እኔም እሷም እናውቃለን።

ረቡዕ፣ ጥር 19፦ መልስ

ጠዋት ልሰናበት ስል እታለም ያቺን የገበያ ቅርጫት ይዛ ወጣች። ጭድ ሞልቶባታል። አሥር እንቁላል።

«ለልጅሽ» አለች።

ትናንት ማታ ቤት ውስጥ አንድ እንቁላል ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላው ከየት መጣ? ከሦስት ጎረቤት ተበድራ ነው። እንዴት ትመልሺዋለሽ ብላት ወደ ዶሮዎቹ ቆጥ ጠቆመችኝ። ቄቦቹ ሲጥሉ። የሕፃኑ ናቸው ያልኳቸው ቄቦች ገና ሳይጥሉ ተበድረዋል ማለት ነው።

አልወስድም ማለት አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ። ጓዳ ገብቼ ቅርጫቱን ለምራቷ ላቀብላት ብል እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «ታስጨርሺኛለሽ እንዴ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ይዤው ወጣሁ።

ከኮምቦልቻ ቀጥታ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘሁ። ቅርጫቱን ጣሪያ ላይ እንዲጫን አልሰጥም ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅኩ። አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ጣርማ በር፣ ሙሉውን መንገድ ጭኔ ላይ ነበር። ከጎኔ የነበረችው ልጅ «ምንድን ነው እንደዚህ የሚያስጨንቅሽ?» አለችኝ። «እንቁላል» አልኳት። «አዲስ አበባ እኮ ሞልቷል» አለች።

አንዱም አልተሰበረም። ቤት ስደርስ መሽቷል፣ ልጄ አልተኛችም። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ጠበስኩላት። ሹካዋን አነሳች፣ ዓይታ አስቀመጠችው።

«ይሄ እንቁላል ደግሞ ለምንድን ነው እንደዚህ ቢጫ የሆነው?» አለች።

ነጩን ዙሪያውን በልታ አስኳሉን ተወችው። ኢንዶሚ ጠየቀችኝ።